ስለ ቤንዚን ክዳንና ስለ ትንሿ ጎማ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በቴክኒክ ክበብ ተማሪዎች የተሰማ ንግግር)



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ታሪክና ስለ ጤና መልካም መልካም ነገር አሰምተውናል። እኛ ይዘን የቀረብነው ነገር ግን እጅግ ትንሽ ነው። በጠረጴዛው ላይ እንደምታዩት፣ ከአንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የወለቀ የቤንዚን ክዳንና ከእርሱ ጋራ የነበረች አንዲት ክብ ጎማ ናት። ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህን ለመሰለ ነገር ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋልን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በትዕግሥት ብትሰሙን ግን፣ ከዚህች ጎማ ጋራ የሰው ገንዘብ፣ የሰው እንጀራ፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት የተያያዘ መሆኑን እናስረዳችኋለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ከተማችን ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ በደረሰ ጊዜ ከተማዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ለባቡሩ ጥገና የሚሆነው ትልቅ ወርክሾፕም የቆመው በዚሁ በከተማችን ነበር። ስለዚህ ብረት መቅረጽ፣ መፍታትና መግጠም ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ ሙያ አይደለም፤ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። ዛሬም ከደቻቱ ወዲህ በከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ በመጋላ፣ ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ ሲተላለፍ ይውላል። ከእነዚህም ሞተሮች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ የተላለፉ ናቸው። ሞተር ሲያረጅ ብረቱ ከማለቁ በፊት ጎማው ያልቃል፤ ከጎማውም ሁሉ ሰው የሚረሳት የቤንዚን ክዳን ጎማ ናት።

እንግዲህ «የቤንዚን ክዳን ሥራው ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ ሰው ሁሉ «ቤንዚኑ እንዳይፈስ መክደን ነዋ!» ይለናል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ክዳኑ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ቤንዚኑ ወደ ውጭ እንዳይወጣ መከልከል ነው። ሁለተኛው አየር ወደ ውስጥ እንዲገባ መፍቀድ ነው። በአሮጌ ሞተሮች ላይ ቤንዚኑ ከታንኩ፣ ማለት ሜካኒኮቻችን ሰልባትዮ ከሚሉት፣ ወደ ካርቡራቶር የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው፤ የሚገፋው ፓምፕ የለም። ቤንዚኑ በወረደ መጠን በቦታው አየር ካልተተካ፣ በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጎድልና ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ይህን ሕግ እናቶቻችን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል። የዘይት ጣሳ ሲከፍቱ አንድ ቀዳዳ ብቻ በስተው አይተዉም፤ ሁለት ይበሳሉ። በአንደኛው ዘይቱ ሲወጣ በሁለተኛው አየሩ ይገባል።

በአሮጌው ክዳን ላይም እንዲሁ እንደ መርፌ ቀዳዳ የቀጠነች መተንፈሻ አለች። ጎማዋ በክዳኑና በታንኩ አፍ መካከል ተጨምቃ ዙሪያውን ትዘጋለች፤ መተንፈሻዋ ደግሞ በመካከል ሆና አየር ታስገባለች። በአንዳንዱ ክዳን ውስጥ ሞተሩ ሲወድቅ ቤንዚን እንዳይወጣ መተንፈሻዋን የምትዘጋ ትንሽ ኳስ ወይም ቫልቭ ትገኛለች። ጥሩ ጥገና ማለት ጎማዋ መዝጋት ያለባትን እንድትዘጋ፣ መተንፈሻዋም መተንፈስ ያለባትን እንድትተነፍስ ማድረግ ነው። ሁሉን በአንድነት መድፈን ግን ጥገና አይደለም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ታሪክ እናንሣ። ከክበባችን አባሎች የአንዱ አባት አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት አላቸው፤ ለሥራ ወደ መልካ ጀብዱ የሚመላለሱት በእርሱ ነው። አንድ ወቅት ክዳኑ ማፍሰስ ጀመረ። ቤንዚኑ ሱሪያቸውን እያራሰ፣ የታንኩንም ቀለም እየላጠ አስቸገራቸው። ሰው እንደ መከራቸው ፌስታል አጣጥፈው ከክዳኑ በታች አስገቡና አጥብቀው ዘጉት። በእርግጥም ማፍሰሱ ቆመ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሞተሩ በመንገድ መካከል እየጠፋ ያቆማቸው ጀመር። ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስዱት «ካርቡራቶሩ ነው» ተባለና ተፈትቶ ታጠበ፤ ገንዘብም ተከፈለ። ሞተሩ ዳግመኛ ጠፋ። አሁንም «ካንዴላው ነው» ተባለና ካንዴላው ተለወጠ። ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ። በመጨረሻ ልጃቸው በፊዚክስ ክፍል ስለ አየር ግፊት የተማረውን አስታውሶ፣ «አባባ፣ ሲጠፋብዎ ክዳኑን ከፍተው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። በሚቀጥለው ቀን ሞተሩ እንደ ልማዱ ሲጠፋ፣ ቆመው ጥቂት አቀዝቅዘው ክዳኑን ከፈቱት። አየሩ «ፍስስ» እያለ ወደ ውስጥ ሲገባ ተሰማ፤ ክዳኑን መልሰው ሲሞክሩትም ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ሲመረመር ፌስታሉ ማፍሰሻውን ብቻ ሳይሆን መተንፈሻውንም ዘግቶት ኖሯል። አንዱን በሽታ አድናለሁ ሲል ሌላ በሽታ አመጣ ማለት ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር በድሬዳዋ ከሌላው አገር ይልቅ የሚብስበት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የሞተር ታንክ ፀሐይ ላይ ከዋለ በእጅ አይነካም። ቤንዚን ደግሞ ሲሞቅ ይሰፋል። ለእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ይጨምራል። ከመሬት በታች ካለው የማደያ ጉድጓድ 10 ሊትር ቤንዚን ቀድተን ሞተሩን ፀሐይ ላይ ብናቆመውና ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር፣ ቤንዚኑ በ190 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰፋል። ይህ ከሁለት የቡና ስኒ ይበልጣል። ታንኩ እስከ አፉ ተሞልቶ ከሆነ ያ ሁለት ስኒ ቤንዚን ወዴት ይሂድ? ደካማዋን ጎማ ገፍቶ ይወጣል። እንግዲያስ አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የጎማዋ ሳይሆን የቀጂው ነው። ታንክ እስከ አፉ አይሞላም፤ ለመስፊያ የሚሆን ባዶ ቦታ ይተውለታል።

ሁለተኛው ምክንያት ዳገቱና ቁልቁለቱ ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የሚገባ ሰው 700 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በዚህ ጉዞ ላይ የሚቀንሰው ከመቶ 8 እጅ ገደማ ነው። መተንፈሻው የተደፈነ እንደ ሆነ፣ ከድሬዳዋ ታሽጎ የወጣው አየርና የቤንዚን ተን በዳገቱ ላይ ወደ ውጭ ይገፋና በጎማዋ ዳር ያልበዋል። ሲመለስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የውጭው አየር እየከበደ ሲመጣ የታንኩ ውስጥ ይጎድላል፤ ቤንዚኑም መውረድ ያቅተዋል። «ሲወጣ ያፈሳል፣ ሲወርድ ይጠፋል» የሚባል ሞተር ካጋጠማችሁ፣ ካርቡራቶሩን ከማስፈታታችሁ በፊት መተንፈሻውን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ፤ እርሱም እሳት ነው። ቤንዚን ራሱ ከሚቃጠለው ይልቅ የሚቃጠለው ተኑ ነው። ይህም ተን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ሳይቀር ለመቀጣጠል በሚበቃ መጠን ከቤንዚኑ ይወጣል፤ በድሬዳዋ ሙቀትማ ምን ያህል እንደሚወጣ አስቡት። ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ በመሬት ላይ ይንፏቀቃል። ከመቶ እጅ አየር ውስጥ አንድ ተኩል እጅ ያህል ብቻ ተን ቢገኝ፣ በአንድ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል።

ብዙዎቻችን ሌባ እንዳይወስደው ብለን ሞተሩን ማታ ወደ ግቢ፣ አንዳንዶቻችንም ወደ ቤት ውስጥ እናስገባለን። በዚያው ቤት የቡና ከሰል ይቀጣጠላል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ መብራት ሲጠፋም ሻማ ይበራል። ሞተሩ በቆመበት ክፍል ቤንዚን ቤንዚን የሚል ሽታ እያለ «ለምደነዋል» ማለት አደገኛ ነገር ነው። ሽታው ራሱ እየነገረን ያለው ተኑ በክፍሉ ውስጥ መኖሩን ነውና። ስለዚህ ወላጆቻችንን በትሕትና የምንለምነው ይህን ነው፤ ክዳኑ እስኪጠገን ድረስ ያ ሞተር ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ ከከሰልና ከሻማ ርቆ ይደር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እንግዲህ ጥገናው እንዴት ይደረግ? መጀመሪያ በሽታውን ማወቅ ይገባል። ለዚህም የሚያስፈልገን መሣሪያ በክፍላችን ሞልቷል፤ ጠመኔ ነው። ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ፣ ከቤት ውጭ በጥላ ሥር ይቁም። ክዳኑንና ዙሪያውን በደረቅ ጨርቅ አጥርገን፣ የተፈጨ ጠመኔ በክዳኑ ዙሪያ እንነሰንስበታለን። ከዚያም ሁለት ሰው ሆነን ሞተሩን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እናዘነብለዋለን። ቤንዚን የወጣበት ቦታ ላይ ነጩ ጠመኔ እርጥብ ሆኖ ይጠቁራል። እርጥበቱ በክዳኑ ዳር ከታየ ጥፋቱ የጎማዋ ወይም የታንኩ አፍ ነው። በክዳኑ መካከል ከታየ የመተንፈሻዋ ነው። በቁልፍ ቀዳዳው ከታየ ደግሞ በክዳኑ ውስጥ ያለችው ሌላይቱ ትንሽ ጎማ ናት።

ዳሩ መሆኑን ካወቅን ሁለተኛ ፈተና እናድርግ። ክዳኑን ከፍተን የታንኩን አፍ ከንፈር በደረቅ ጨርቅ እናብሰው፤ የጠመኔውም ብናኝ ወደ ታንኩ እንዳይገባ አፉን በንጹሕ ጨርቅ እንወትፈው። ከንፈሩን ዙሪያውን በጠመኔ በስሱ እናሽና ጨርቁን አውጥተን ክዳኑን እንዝጋው፤ መልሰንም እንክፈተው። በጎማዋ ላይ ሙሉ ነጭ ቀለበት ታትሞ ከተገኘ ጎማዋ ዙሪያውን ትነካለች ማለት ነው። ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ግን ቤንዚኑ የሚያመልጠው በዚያ በር ነው። ያን ጊዜ «ጎማዋ ደርቃ ነውን? ወይስ የታንኩ ከንፈር ተጎድቶ ነው?» ብለን መመርመር ነው። ጎማዋን በጥፍር ስንጫናት ተመልሳ ካልተነሣች፣ ስናጥፋት ስንጥቅ ካሳየች፣ ወይም ብርጭቆ መስላ ከጠነከረች ዕድሜዋ አልቋል፤ አዲስ ትፈልጋለች።

አዲሲቱ ከምን ትሠራ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎማ ሁሉ አንድ ይመስለዋልና ከአሮጌ ከመነዳሪ ክብ አድርጎ ቆርጦ ያስገባል። ጎማ ግን ዘሩ ብዙ ነው። አሜሪካዊው ቻርለስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 የዛፍን ጎማ ከድኝ ጋራ በሙቀት አዋሕዶ ማጠንከር እንደሚቻል አገኘ፤ የዓለም ጎማ ኢንዱስትሪ የተነሣው ከዚህ ነው። ቢሆንም ያ ጎማ ቤንዚን ሲነካው ይጠጣዋል፤ አብጦም ይለሰልሳል። ለነዳጅ የሚሆነው ናይትሪል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጀርመን አገር ነው። ቤንዚንንና ዘይትን በደኅና ስለሚችል እስከ ዛሬ ድረስ በነዳጅ መሥመሮች ላይ የሚያገለግል እርሱ ነው።

ይህን በዓይናችን ለማየት ክበባችን ቀላል ፈተና አደረገ። ከከመነዳሪና ከናይትሪል እኩል እኩል ክብ ቆርጠን፣ ልካቸውን በወረቀት ላይ በእርሳስ አንሥተን፣ በመምህራችን ተቆጣጣሪነት በተከደነ ብረት ጣሳ ከቤት ውጭ ቤንዚን ውስጥ ለሦስት ቀን አኖርናቸው። ስናወጣቸው መልሰን በዚያው ወረቀት ላይ አኖርናቸውና ዙሪያቸውን አነሣን። ቤንዚኑን ወደዚህ አዳራሽ ማምጣት ስለማይገባ ወረቀቱን ብቻ አምጥተናል፤ ከንግግሩ በኋላ ቀርባችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። የናይትሪሉ ሁለቱ መሥመሮች ተቀራርበው ይታያሉ። የከመነዳሪው ሁለተኛ መሥመር ግን የመጀመሪያውን አልፎ ወጥቷል፤ ጎማውም አብጦና ለስልሶ በጥፍር ሲነካ የሚጨመደድ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጎማ ክዳን ውስጥ ሲገባ ለጥቂት ቀን ያታልላል፤ ከዚያ በኋላ ተጣሞ ከቦታው ይወጣል፤ ፍርፋሪውም ወደ ታንኩ ወርዶ የካርቡራቶሩን ቀጭን መንገድ ይዘጋል። በየሱቁ የሚሸጠው የተለመደው ሲሊኮንም እንዲሁ ነው፤ ለመስኮትና ለቧንቧ ይጠቅማል፤ ቤንዚን ውስጥ ግን አብጦ ይላጣል።

«ለአንዲት ጎማ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው?» የሚል ካለ፣ አንድ የዓለም ታሪክ እናስታውሰው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ቻለንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከምድር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ተበታተነችና በውስጧ የነበሩት ሰባት ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ምክንያቱ ሲመረመር በሮኬቱ መጋጠሚያ ላይ የነበረ የጎማ ቀለበት በዚያ ቀን ብርድ ደርቆ ክፍተቱን መዝጋት ስላቃተው መሆኑ ታወቀ። ሪቻርድ ፋይንማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በመርማሪዎቹ ጉባኤ ላይ ቁራጭ ጎማ በበረዶ ውሃ ውስጥ ነክሮ መለጠጡ እንደሚጠፋ ለሕዝብ አሳየ። በዚያ ጎማውን ያደረቀው ብርድ ነበር፤ በእኛ አገር የሚያደርቀው ሙቀት፣ ፀሐይና ዕድሜ ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ጎማ የሚዘጋው ሲጨመቅና ተመልሶ ሲገፋ ነው፤ መልሶ መግፋት ያቃተው ጎማ ስሙ ብቻ ጎማ ነው።

አሁን ሥራውን በተራ እንናገር።

አንደኛ፤ ሞተሩ ይጥፋ፣ ይብረድም። ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን። ሲጋራ፣ ከሰል፣ የስልክ ጥሪም በአጠገቡ አይኑር። አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገባችን ይቁም። ታንኩ ሙሉ ከሆነ ቤንዚኑ ለነዳጅ ወደ ተሠራ ጀሪካን ይቀዳ። በሃይላንድ ውስጥ ቤንዚን ማኖር ፈጽሞ አይገባም፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋልና።

ሁለተኛ፤ ክዳኑ ሲነሣ የታንኩ አፍ ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ክዳኑ በካቻቢቴ ሲፈታ እያንዳንዱ ዕቃ በተፈታበት ተራ በጋዜጣ ላይ ይደርደር። ሞላ ያለው ክዳን ሲፈታ ስለሚፈናጠር በእጅ ተጭኖ መፍታት ይገባል። ሥዕሉን በደብተር ላይ የሚነድፍ ሰው ሲገጥም አይቸገርም።

ሦስተኛ፤ አሮጌዋ ጎማ በእንጨት ስንጥር ትውጣ እንጂ በብረት አትቧጠጥ፤ የተቧጠጠ ብረት ለቤንዚን መንገድ ይሆናልና። አዲሲቱን ስንገዛ ያበጠችውን ወይም የተጨመተረችውን አሮጌ ጎማ አንለካ፤ የምትቀመጥበትን ቦይ ስፋትና ጥልቀት እንለካ እንጂ።

አራተኛ፤ መለዋወጫ ሱቅ ስንሄድ የሞተሩን ስምና ዓይነት ነግረን፣ ቤንዚን የሚችል ጎማ መሆኑን እንጠይቅ። ካልተገኘ፣ ለነዳጅ የሚሆን የጎማ ጓርኒሲዮን በጠፍጣፋው ገዝተን፣ በኮምፓስ ሁለት ክብ አንሥተን በስለታም ምላጭ መቁረጥ ይቻላል። ቀለበቱ አንድ ወጥ መሆን አለበት፤ ተቆርጦ የተቀጠለ ቀለበት በቅጥሉ ላይ ያፈሳል። ክዳኑ ሲዘጋ ጎማዋ ከውፍረቷ ሩብ ያህል ብትጨመቅ ይበቃታል። ከዚያ በላይ የወፈረች እንደ ሆነ ሰው ክዳኑን በግድ ይዘጋና ጥርሱን ይሰብራል። ከቁራጩ የተረፈውን ግን አንጣለው፤ እኛ እንዳደረግነው በተከደነ ጣሳ ቤንዚን ውስጥ አሳድረን ማበጡንና አለማበጡን እንይበት።

አምስተኛ፤ የታንኩ ከንፈር በጨርቅ ይጠረግ። ትንሽ ዝገት ካለበት በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይታሽ፤ ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ ግን አፉ በደንብ ይወተፍ። መተንፈሻዋ በሳሙና ታጥባ በጎማ መንፊያ ፓምፕ አየር ይነፋባት። በአፍ መንፋት አይገባም፤ ቤንዚን መርዝ ነው። ኳስ ወይም ቫልቭ ካላት ሲነቀነቅ መንቀሳቀሱ ይታይ።

ስድስተኛ፤ ሁሉ ከተገጠመ በኋላ የጠመኔው ፈተና ይደገም። ነጩ ቀለበት ሙሉ ከሆነ፣ ሲያዘነብሉትም ጠመኔው ደረቅ ሆኖ ከቆየ፣ ሞተሩን ቅርብ ቦታ ደርሶ መመለስ ነው። በመንገድ ካልጠፋ፣ ክዳኑም ሲከፈት አየር «ፍስስ» ካላለ፣ ሁለቱም ሥራ ተፈጽሟል፤ ጎማዋ ትዘጋለች፣ መተንፈሻዋም ትተነፍሳለች። በማግሥቱም አንድ ጊዜ መመልከት ደግ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለምን?

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የታንኩ አፍ ተጨፍልቆ ወይም ታንኩ ራሱ ተሰንጥቆ ከተገኘ ነገሩ ከእኛ ከተማሪዎች አቅም በላይ ነው። በተለይ ባዶ ታንክ መበየድ የሚያስከትለውን አደጋ ብዙ ሰው አያውቅም። ቤንዚኑ ቢያልቅም ተኑ በውስጡ ይቀራል፤ ከሙሉ ታንክ ይልቅ ባዶው ታንክ ሊፈነዳ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ለሚያውቅ ባለ ሙያ መስጠት ውርደት አይደለም። ጥርሱ የተሰበረ ክዳንም ከነጎማው ቢለወጥ ይሻላል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣

አገራችን የምትነዳው ነዳጅ ሁሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በረሃውን አቋርጦ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ያን ያህል መንገድ የተጓዘ ቤንዚን በመጨረሻ በአንዲት የደረቀች ጎማ ዳር ፈስሶ ቢቀር ያሳዝናል። ከዚያም የበለጠ የሚያሳዝነው ግን፣ በገበያ በቀላሉ የምትገኝ ጎማ ባለመለወጧ የአንድ ቤተ ሰብ ቤት ቢቃጠል ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፣ በመካከላችን እጁን በቅባት የሚያቆሽሽ ሥራን እንደ ዝቅተኛ የሚመለከት አይጠፋም። በቀድሞው ዘመን ብረት ሠሪው በአገራችን ይናቅ እንደ ነበረ በታሪክ ተምረናል። ይህች ከተማ ግን ያደገችው በባቡር ሠራተኞችና በብረት ሠሪዎች እጅ መሆኑን ማን ይክዳል? የፊዚክስ መጽሐፋችን ስለ አየር ግፊትና ስለ ሙቀት የሚነግረን ሁሉ በዚህች ክዳን ውስጥ ይገኛል። ዕውቀት በደብተር ብቻ ተጽፎ ቢቀር ፈተና ያሳልፍ ይሆናል፤ ወደ እጅ ሲወርድ ግን ሰውን ከችግር ያወጣል። ያ ልጅ አባቱን ከሌላ ወጪ ያዳናቸው፣ በክፍል የተማረውን ይዞ አንዲት ትክክለኛ ጥያቄ ስለ ጠየቀ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ወደ ቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ። በግቢያችን ያለውን ሞተር፣ የአባታችንም ይሁን የጎረቤት፣ አስፈቅደን ክዳኑን በጠመኔ እንፈትን። የሚያፈስ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩ ከከሰሉ ይራቅ፤ ጎማዋ ትለወጥ፤ መተንፈሻዋም ትጠረግ። ሥራው ከአንድ ከሰዓት በኋላ የማይበልጥ ነው።

ክበባችን በዚህ ሳምንት ከትምህርት ሰዓት በኋላ በመምህራችን እየተመራ፣ ሞተራቸውን ማሳየት ለሚፈልጉ ወላጆች ሁሉ የጠመኔውን ፈተና በነጻ ያደርጋል። እንድትመጡም በአክብሮት እንጋብዛለን።